ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ምን ሊይዝ ይገባዋል?

ሰው ከቤቱ ርቆ ሊሄድ በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ የሚያሳስበው የስንቁ ነገር ነው። ምን ልያዝ፤ ምንስ ልተው እያለ በዕቃው መካከል ቆሞ ይቸገራል። ይህ ነገር ለብዙ ሰው የቤት እመቤት ሥራ እንጂ ሊቃውንት የሚነጋገሩበት ጥያቄ መስሎ አይታየውም። ስንቅ ማለት በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ጨውና በርበሬ፣ ልብስና መኝታ ነውና፤ ስለ በሶ ደግሞ ማን ይከራከራል? ዳሩ ግን ጉዳዩን ጠጋ ብሎ ለመረመረው፣ የአቁማዳው አፍ ከመታሰሩ በፊት ስለ ባልንጀራ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ይኸውም ተጓዡ የያዘውን ማን ይሸከምለታል? ያልያዘውንስ ማን ይከፍልለታል? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ጐልቶ የሚታየው ቤት ከቤት በተጠጋጋበት አገር ሳይሆን የሰው ፈለግ በሳሳበት ምድር ነው። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ለዚህ ምስክር ይሆናል። ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከልና በነጋዴ ባሕር አድርጎ፣ ገንዳ ውኃንም አልፎ መተማ ዮሐንስ የሚደርስ መንገደኛ፣ ከሁለት ሺህ ሜትር ከሚበልጠው የደጋ ከፍታ ወደ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ይወርዳል። ማለዳ የተከናነበው ጋቢ ቀትር ሳይደርስ ሸክም ይሆንበታል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ምድሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት እግር ይዞ አይለቅም፤ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። መተማ አጼ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ስፍራ ስለ ሆነ ስሙ ለማንም አዲስ አይደለም፤ የአገሩን ጠባይ የሚያውቅ የደጋ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ወደዚህ ምድር የሚወርደው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። ለንግድ ወደ ድንበሩ የሚሄድ አለ። ወደ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም የሚሄድ ተሳላሚ አለ። የዕጣኑን ዛፍ ቅርፊት እየፋቀ ሙጫውን የሚለቅም፣ በዱር ውስጥ ወራት የሚቀመጥ ሠራተኛም አለ፤ በየቤተ መቅደሱ የሚታጠነው ዕጣን ከሚገኝባቸው አገሮች አንዱ ይኸው የመተማ በረሓ መሆኑን የማያውቅ ካህን ቢኖር አይገርምም። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ በየዓመቱ የሚጎርፈው የደጋ ጎልማሳ ግን በቍጥር ከሁሉ ይበልጣል።

ዱር ለማየት ብቻ የሚሄድም አለ። በቋራ ከገለጉ ወዲያ ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በምዕራብ በኩል በሱዳን ካለው ከዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። ምድሩ ሽመልና ግራር የሞላበት ሜዳ ነው፤ ወንዞቹ በክረምት ይሞላሉ፤ በበጋ ብዙው አሸዋ ብቻ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. የአራዊት አጥኚዎች ወደዚያ ገብተው በድንኳን አድረው፣ በደረቅ ወንዝ ዳር ካሜራ አቁመው፣ አንበሳ መኖሩን በምስልና በዱካ አረጋገጡ። የአገሩ ሰው አንበሳ መኖሩን ከዚያ በፊትም ያውቅ ነበር፤ የቀረው ዓለም ግን ያመነው ያን ጊዜ ነው። ወደዚህ ስፍራ የሚገባ ሰው የሚጠጣውንና የሚበላውን፣ የሚተኛበትንና የሚታከምበትን ሁሉ ይዞ መግባት አለበት፤ የረሳውን የሚገዛበት ሱቅ የለምና።

መኪና የማይደርስባቸው እንዲህ ያሉ ሩቅ ስፍራዎች በሌላውም ዓለም አሉ። በካናዳና በአላስካ ሐይቆች ዳር፣ በቦትስዋናም የኦካቫንጎ ረግረግ ውስጥ፣ እንግዳ በትንሽ አይሮፕላን ብቻ የሚደርስባቸው የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ተሠርተዋል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው አይሮፕላኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት ዕቃው ይመዘናል። በቦትስዋና ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ነው፤ ያውም ጠንካራ ሣጥን ሳይሆን የሚተጣጠፍ ከረጢት መሆን አለበት። አንዳንዴ እንግዳው ራሱ፣ የቱንም ያህል የተከበረ ሰው ቢሆን፣ እንደ ጆንያ በሚዛን ላይ ይቆማል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አይሮፕላኑ የሚያነሣው ክብደት የተወሰነ ነው፤ አንዱ አንድ ኪሎ በጨመረ ቍጥር ወይ ከነዳጁ፣ ወይ ከሌላው ሰው ዕቃ፣ ወይም ከሁሉ ደኅንነት ይቀነሳል። ሚዛኑ ለሰውየው የሚነግረው፣ ስንቁ የእርሱ ብቻ አለመሆኑን ነው።

በቆላው መንገድ ግን ሚዛን የሚያቆም የለም። አህያ ተጫነች እንጂ አትናገርም። ለኪራይ የተያዘ ተሸካሚም የዕለት እንጀራውን ስለሚፈልግ ከበደኝ አይልም፤ ቢልም የሚሰማው የለም። ስለዚህ ባለጸጋው ሦስት ዓይነት ጫማ፣ ሁለት ዓይነት ወንበር፣ ለማይመጣ ብርድ ደግሞ ብርድ ልብስ ይዞ ሲወርድ አስተዋይ ሰው ይባላል። የእርሱን አስተዋይነት በጀርባው የሚከፍለው ግን ሌላው ነው።

ይህን በታሪክ ሊመለከት የሚፈልግ አንባቢ የቋራውን ሰው የአጼ ቴዎድሮስን የመጨረሻ ጉዞ ያስብ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲሄዱ፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው ነበር። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ነው። ገደል እየተናደ መንገድ እየተጠረገ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተው ወራት ፈጀ። በሚያዝያ ጦርነቱ በሆነ ጊዜ የሰጠው ጥቅም ከጎታቾቹ ድካም ጋር ሊመዛዘን አልቻለም፤ መድፉም እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል። ይህ የተነሣው ንጉሡን ለመንቀፍ አይደለም። እንዲያውም እርሳቸው ራሳቸው በመንገድ ጠረጋው እጃቸውን አስገብተው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ይተረካል፤ ይህም ከብዙ ጌቶች ይለያቸዋል። የሸክሙን ክብደት በገዛ እጁ የቀመሰ ሰውና በበቅሎ ላይ ሆኖ ፍጠኑ የሚል ሰው አንድ አይደሉም። ዳሩ ግን የጌታው እጅ ድንጋይ ስላነሣ የጎታቹ ትከሻ አልቀለለም።

እንግዲህ ብዙ መያዝ ነውር ከሆነ ጥቂት መያዝ ጽድቅ ነው ብሎ የሚደመድም ይኖራል። ለዚህም የቆሎ ተማሪውን ምሳሌ ያቀርባል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ዋድላ ይሄዳል። ስንቅ የለውም፤ የሚጭነው አህያም የለውም። በየደጁ ቆሞ በእመቤታችን ስም ይለምናል፤ የተገኘውንም ቁራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል። በዚህም መንገድ ብዙ ሊቃውንት ወጥተዋል። ከዚህ የተሻለ የነጻነት ምሳሌ ይኖራልን?

ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ የተዘነጋ ነገር አለበት። ተማሪው የሚለምነው ከአርባ ደጅ ነው። ከአርባ ደጅ አንዳንድ ቁራሽ ሲነሣ ማንም አይጎዳም፤ የሰጠውም ሰው ምርቃት ያገኛል። በቋራ በረሓ ወይም ከሽንፋ ወንዝ ወዲያ ግን ደጁ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ደጅ ያለው እንስራ ውኃ የቤቱ ሴት ልጅ ከሩቅ ወንዝ በጀርባዋ ያመጣችው ነው። ባዶ እጁን የመጣው መንገደኛ የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ ባለ ጊዜ ባለቤቱ ልማዱ አይፈቅድለትምና እምቢ ሊል አይችልም። እንግዳው ጠጥቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ በልቶ ይተኛል፤ በማግስቱም ያለ ስንቅ መሄድ እንዴት ቀላል ነው እያለ ይነሣል። ልጅቱም እንስራዋን አዝላ ወደ ወንዝ ትወርዳለች።

ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ያለ ከረጢትና ያለ ስንቅ እንደ ላካቸው፣ በመከራው ዋዜማ ግን ከረጢት ያለው ይዞ እንዲወጣ እንዳዘዛቸው የታወቀ ነው። ሊቃውንት ይህን በብዙ መንገድ ይተረጕሙታል። ለተያዘው ነገር የሚበቃው አንድ አሳብ ነው፤ ይኸውም በፊተኛው ጊዜ ደጆች ይከፈቱላቸው ነበር፤ በኋለኛው ጊዜ ግን ደጆች ሊዘጉ ነበር። መምህሩ አንድ ሲሆን ትእዛዙ ሁለት የሆነው በደጆቹ ምክንያት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ስለዚህ ስንቅ የሚለካው በተጓዡ ድፍረት ወይም በሀብቱ ልክ ሳይሆን በሚሄድበት አገር ባለው ደጅ ቍጥር ሊሆን ይገባዋል።

ስንቅ መያዝ የማይቻልበት ጊዜም አለ። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በገላባት በኩል ወደ መተማ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ገባ። ሱዳናዊው፣ ወደ አገሩ የሚመለሰው ኢትዮጵያዊ፣ ለሥራ ካርቱም የተቀመጠው የሩቅ አገር ሰው፣ ሁሉም በአንድ ድልድይ አለፉ። ሻንጣ የያዘ ነበረ፤ ልጁን ብቻ የያዘም ነበረ። እንዲህ ያለውን ሰው ለምን ስንቅ አልያዝክም ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው የተቀበለው ነው። በመንገድ ላይ የወደቀውን ሰው ያነሣው ሳምራዊ ቍስሉን ያጠበው በዘይትና በወይን ነው፤ ለማደሪያውም የከፈለው ከኪሱ ነው። ርኅራኄው ሁልጊዜ ይሰበካል፤ ዘይቱንና ወይኑን ከቤቱ አስሮ ይዞት መውጣቱ ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ከአቁማዳው ምንም ያልነበረበት ሰው ቢሆን ኖሮ አዝኖ ከማለፍ በቀር ምን ባደረገ ነበር? ስለዚህ ራስን ብቻ ልክ አድርጎ የተያዘ ስንቅ ጎዶሎ ነው፤ በመንገድ ለሚገኝ ላልታወቀ ሰው ጥቂት ድርሻ ይቀረዋል።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን የዚያ ለሰሊጥ የሚወርደው የደጋ ጎልማሳ ጥያቄ ነው። ለሌላ ሰው የሚሆን ድርሻ ይቅርና ለራሱም የሚሆነውን ሊይዝ አይችልም። በሐምሌ ለአረም፣ ከመስከረም ጀምሮ ለአጨዳ ይወርዳል። በማዳበሪያ ጆንያ የያዘው አንድ ነጠላ፣ አንድ ቅያሪ፣ ምናልባት እናቱ የቋጠረችለት በሶ ነው። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ፍሬው በደረሰ ጊዜ ወዲያው ካልታጨደ ቋቱ ተከፍቶ እህሉ መሬት ይፈሳል። ስለዚህ ሠራተኛው የቀኑን ሙቀት እየሸሸ ሌሊትም ያጭዳል፤ በደከመውም ጊዜ በእርሻው ዳር፣ ከግራር ሥር ይተኛል። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ በሌሊት ትመጣበታለች፤ በደጋ ያደገ ሰውነቱ ለወባ የለመደ አይደለምና ቶሎ ይወድቃል።

ሌላም የባሰ አለ። በተሰነጠቀው ዋልካ ውስጥና በግራሩ ሥር የምትኖር፣ ከወባ ትንኝ ያነሰች የአሸዋ ዝንብ አለች። እርስዋ የምታስተላልፈው በሽታ ካላዛር ይባላል። ወባ ከተነደፉ በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ ትታወቃለች፤ ካላዛር ግን ብዙ ጊዜ ወራት ይደበቃል። ሰውየው ደመወዙን ተቀብሎ፣ ለሚስቱ ቀሚስ ገዝቶ፣ በኅዳር ደኅና ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ትኩሳቱ የሚነሣው፣ ጣፊያው የሚያብጠው፣ ሰውነቱ የሚከሳው በኋላ ነው። ካልታከመ ይሞታል፤ ሕክምናውም በየቀኑ መርፌ እየተወጉ ዐሥራ ሰባት ቀን ያህል የሚያስተኛ ነው።

በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም የሆነው ነገር በዚህ ላይ ትልቅ ምስክር ነው። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በዚያ ደጋ ሰዎች በማይታወቅ ትኩሳት ይሞቱ ጀመር። መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ፤ ካላዛር በዚያ አገር ከዚያ በፊት አይታወቅም ነበርና። በ1997 ዓ.ም. ሐኪሞች መርምረው ካላዛር መሆኑን አወቁ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሕሙማን ታከሙ። ከታመሙት መካከል ወደ ቆላ ወርደው የማያውቁ ሕፃናት ብዙ ነበሩ። በሽታው ወደዚያ የወጣው ለሥራ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ቆላ ወርደው በተመለሱ ሰዎች እንደ ሆነ ይታመናል። አባት ሳይዝ የወረደውን ነገር ልጅ በአልጋ ላይ ተኝቶ ከፈለው።

እዚህ ላይ ስንቅ የተጓዡ ዕዳ ብቻ ነውን? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሰውየው ራሱን ሊጠብቅ ይገባዋል የሚል መልስ ይሰጣል፤ መልሱም በከፊል ትክክል ነው። ዳሩ ግን የሌለውን ሊይዝ አይችልም፤ የማያውቀውንም ሊገዛ አይችልም። መድኃኒት የተነከረ አጎበር ከመንግሥት የሚታደለው ብዙ ጊዜ ወባ ባለበት ቀበሌ ለሚኖር ሰው በየቤተሰቡ ቍጥር ነው። ይህ ሰው በደጋ ቀበሌው ወባ የለምና አይሰጠውም፤ በቆላው ቀበሌ ደግሞ ነዋሪ አይደለምና በመዝገቡ ላይ አይገኝም። በሁለት አገር መካከል ያለ ስንቅ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ በረሓው የጠራው ማን ነው? ባለ እርሻው ነው። ዱቄቱንና ሽሮውን ልማዱ ስለሚያስገድደው ያቀርባል፤ ሠራተኛ ካልበላ አያጭድምና። አጎበር ግን ከልማዱ ውጭ ነው። ስለዚህ ነገር የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ ቢሰጣቸው ይሸጡታል፤ ባይሸጡትም አይተኙበትም ይላል። ይህ ነገር ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። አጎበር የሚሰቀልበት አራት እንጨት ይፈልጋል፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እየተዘዋወረ ሌሊት የሚያጭድ ሰው ጎጆ ሳይቀለስለት፣ ሰዓቱም ሳይደለደልለት አጎበር ብቻ ቢጣልለት ከጆንያው በታች መቀመጡ አያስደንቅም። ነገር ግን ይህ አጎበሩን ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም፤ እንጨቱንና ጎጆውን ለመጨመር ምክንያት ይሆናል እንጂ። የአንዱ አጎበር ዋጋ ከጥቂት ቀን የሥራ ዋጋ አይበልጥም። ሰው ሰውን ደጅ ወደሌለበት ምድር ከጠራው፣ ያ ምድር የሚጠይቀው ስንቅ በጠሪው ላይ ይወድቃል፤ ለዱር ሽርሽር እንግዳ የሚጠራ ማረፊያ ቤት ይህን ሳይጠየቅ ያደርገዋል፤ አጎበሩን በአልጋው ላይ ሰቅሎ ይጠብቀዋል። እንግዳው ገንዘብ ከፋይ ስለ ሆነ ነው። አጫጁ ግን ገንዘብ ተቀባይ ስለ ሆነ ይህን የሚጠብቅ አይመስለውም፤ ባለ እርሻውም አይመስለውም፤ ነገሩን በክፋት ሳይሆን በልማድ ያልፉታል።

ሠራተኛው ራሱ ዝም ማለቱም ሌላ ችግር ነው። ከመሄዱ በፊት ከዚያ የተመለሰውን ጎረቤቱን የሚጠይቀው የቀን ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ነው፤ ሌሊት የት እንደሚተኛ አይጠይቅም። ካህኑም በመሄጃው ቀን መርቆ ሲሸኘው ምን ይዘሃል ብሎ መጠየቅ የእርሱ ሥራ አይመስለውም፤ ለበሶው እናቲቱ አለችና። በደጋው መንደር በሐምሌ መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ ይህን ጥያቄ ከደጅ ወደ ደጅ ቢጠይቅ፣ ጆንያዎቹ ከመታሰራቸው በፊት የሚጨመርባቸው ነገር ይኖር ነበር።

በኅዳር ገደማ ሰሊጡ ተወቅቶ በየጆንያው ይገባል። በገንዳ ውኃና በመተማ ነጋዴው ሚዛኑን አቁሞ፣ የገዢው ጸሓፊ አንድ ጊዜ፣ የሻጩ ጸሓፊ አንድ ጊዜ እየጻፉ፣ አንዲት ኪሎ እንኳ እንዳትጠፋ ይከራከራሉ። ከመናኸሪያው ደግሞ ጎልማሶቹ ጆንያቸውን በትከሻቸው አድርገው ወደ ጎንደር የሚሄደውን መኪና ይጠባበቃሉ። ጆንያዎቹ ሲወርዱ ከነበሩት ጥቂት ወፍረዋል፤ ቀሚስና ጫማ፣ ለልጅም ከረሜላ ገብቶባቸዋል። ረዳቱ ጆንያዎቹን እየተቀበለ በመኪናው ጣራ ላይ ይደረድራል፤ ከባድ ስለማይሆኑ አንዱንም አይመዝንም።